ቢጫ ቀበቶ ስንት ብር ነው?

አዳማ ውስጥ ልጁን ቴኳንዶ የሚያስተምር ወላጅ የቀበቶ ፈተና መድረሱ ሲነገረው መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ጥያቄ "ስንት ነው?" የሚል ነው። ቀጥሎ "መቼ ነው?" ይላል። "ልጁ የሚፈተነው ምኑን ነው?" የሚል ጥቂት ነው። "ቢወድቅስ?" የሚል ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ በብዙዎች ዘንድ የቀበቶ ፈተና የሚታለፍ እንጂ የሚወደቅበት ነገር ተደርጎ አይታሰብም። ብሩ ተከፈለ፣ ነጩ ልብስ ታጠበ፣ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ፣ ስልኮች ለቪዲዮ ተደገኑ፣ ቀበቶው ታሠረ። ከሰዓት በኋላ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ነው።

በዚህ ደስታ ውስጥ ክፋት የለም። ልጅ ስፖርት ቢሠራ፣ ከጫትና ከአልባሌ ቦታ ቢርቅ፣ ታላቁን ማክበር ቢለምድ ማን ይጠላል? ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከመቂ እስከ ባቱና ሻሸመኔ በየወጣት ማዕከሉና በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሚሰማው የሕፃናት ጩኸት ከብዙ ነገር የተሻለ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ በሩጫ ብቻ ሳትወሰን በቴኳንዶም ሰለሞን ቱፋን አሰልፋለች። ስለዚህ ስፖርቱ የቀልድ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ያ ቀበቶ ምን ይመሰክራል? ልጁ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው ወይስ አባቱ ምን መክፈል እንደሚችል?

ይህን ለመመለስ ራቅ ብሎ ማየት ይረዳል። በእነዚህ ከተሞች ከፊልም ውጪ ስሙ ብዙም የማይነሳ አንድ ጥበብ አለ፤ የጃፓን የሰይፍ ትምህርት። ዛሬ በሰፊው የሚታወቁ ሁለት መልኮች አሉት። ኬንዶ በሚባለው ሁለት ሰዎች ጭንብልና የደረት መከላከያ አድርገው በቀርከሃ ሰይፍ ይማታሉ። ኢያይዶ በሚባለው ደግሞ ሰልጣኙ ብቻውን ተንበርክኮ ወይም ቆሞ ሰይፉን ከሰገባው ይመዛል፣ ይቆርጣል፣ መልሶ ይከታል፤ ባላጋራው በሐሳቡ ብቻ ያለ ነው። የሁለቱንም የደረጃ ፈተና በጃፓን የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የመላው ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን ነው።

እንግዲህ የአንድ ጀማሪ የኬንዶ ፈተና ምን ይመስላል? አንደኛ ዳን ለሚባለው፣ ማለትም የዳኑ ሁሉ መጀመሪያ ለሆነው ደረጃ፣ ዕድሜው 13 ዓመት የሞላውና ከሱ በታች ያለውን አንደኛ ኪዩ የያዘ ሰው ይቀርባል። ከፊቱ አምስት ፈታኞች ይቀመጣሉ፤ ለማለፍ የሦስቱ ድምፅ ያስፈልገዋል። ከሌላ ተፈታኝ ጋር ለአጭር ጊዜ ይፋለማል። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ በዚህ ፍልሚያ አሸናፊ የለም። ነጥብ የሚቆጥር የለም፣ ባንዲራ የሚያነሳ የለም። ባላጋራውን ደጋግሞ የመታ ሊወድቅ ይችላል፤ አንዴም ያልመታ ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ ፈታኞቹ ምን ያያሉ? ለዚህ ደረጃ የሚታዩት ነገሮች አራት ናቸው፤ አለባበስና የአክብሮት ሥርዓት፣ የተስተካከለ አቋም፣ መሠረቱን የጠበቀ ምት፣ የሞላ ወኔ። አበቃ። የተራቀቀ ስልት አይጠየቅም። እንዲያውም ጀማሪ ሆኖ ብልጠት የሚያበዛ ሰው ፈታኞቹን አያስደስትም። ከፍልሚያው በኋላ በእንጨት ሰይፍ፣ ከጓደኛ ጋር ተጣምሮ የሚቀርብ የተወሰነ ቅደም ተከተል አለ። እነዚህ ካታ የሚባሉት በጠቅላላው አሥር ናቸው፤ የተደነገጉትም እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ጀማሪው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹን ያሳያል። ከዚያ በጽሑፍ የሚመለሱ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ።

አሁን ዝግጅቱን ማሰብ ይቻላል። "አለባበስ" ሲባል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰፊውን ሱሪ ከፊቱ አምስት እጥፋቱ ሳይዛነፍ፣ ከኋላ ሳይንዘላዘል መታጠቅ በአንድ ሌሊት የሚጠና አይደለም። ከልምምድ በኋላ በየቀኑ አጥፎ የሚያስቀምጠው ሰው በፈተና ቀን ምንም አይጨነቅም፤ ጨምድዶ ቦርሳ ውስጥ የሚከተው ግን ጠዋት በተኮሰው ልብስ ሊያታልል አይችልም፣ አስተጣጠቁ ያጋልጠዋል። የቀርከሃው ሰይፍም ከአራት ቁራጭ የተሠራ ነው። ከአንዱ ላይ ስንጥር ቢነሳ በጭንብሉ ፍርግርግ አልፎ የባላጋራን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሰይፉን መመርመርና መሞረድ የእያንዳንዱ ቀን ሥራ ነው። ሰላምታው፣ ማለትም ወገብን ሰበር አድርጎ እጅ መንሳቱ፣ ለአንድ ዓመት በየልምምዱ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረገ ከሆነ በፈተና ቀን ራሱ ይመጣል። ካልተደረገ አይመጣም።

ኢያይዶ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። በፌዴሬሽኑ የተወሰኑት ቅደም ተከተሎች 12 ናቸው፤ ሰባቱ በ1969፣ ሦስቱ በ1980፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ተጨመሩ። በፈተና አምስት ይቀርባሉ፤ ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መጨረሻው ስድስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያው "ማኤ" ይባላል፤ "ፊት ለፊት" ማለት ነው። ሰልጣኙ ተንበርክኮ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ሊያጠቃው ማሰቡን ይረዳል። ሰይፉን በአግድም ይመዛል፣ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣል፣ ደሙን እንደሚያራግፍ ሰይፉን ይወዘውዛል፣ ወደ ሰገባው ይመልሳል። አራት ነገር ብቻ። ጀማሪ ግን ይህን ወራት ይሠራዋል። ቀኝ እጁ ሲመዝ ግራ እጁ ሰገባውን ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ ካልሳበ ሰይፉ በሙሉ አይወጣም። ሲመልስ ዓይኑ ከባላጋራው ላይ ተነስቶ ወደ ሰገባው መውረድ የለበትም። ያልተሳለ ሰይፍ ለጀማሪ የሚሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት "መከለስ" የሚባል ነገር የለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለአዳማ ወላጅ በጣም እንግዳ የሚሆን። በኬንዶ ባለ ቀለም ቀበቶ የለም። አንደኛ ዳን የያዘው ልጅና ስምንተኛ ዳን የያዘው ሽማግሌ የሚለብሱት አንድ ዓይነት ነው። ደረጃው የሚታወቀው በወረቀት ላይና በእንቅስቃሴው ብቻ ነው። ለፎቶ የሚሆን ነገር የለውም ማለት ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይፈተናል? ከሚቀጥለው ፈተና በፊት ስንት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ደንቡ ስለሚነግረው ጭምር ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሁለት ዓመት፣ እንዲህ እያለ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ስድስት ዓመት። ለስምንተኛው ደግሞ ሰባተኛውን ከያዙ አሥር ዓመት ማለፍና 46 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ያንን አሟልተው ከሚፈተኑት የሚያልፉት ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። ደጋግመው ወድቀው እስከ እርጅናቸው የሚመላለሱ አሉ። ማንም አያፍርባቸውም።

ይህን ያነበበ ሰው "ጃፓኖች እኮ ሌላ ናቸው" ሊል ይችላል። አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚያው ፌዴሬሽን ውስጥ ጉድ ወጣ። ለኢያይዶ ስምንተኛ ዳን የሚቀርቡ ተፈታኞች ለፈታኞች ገንዘብ ሲከፍሉ መኖራቸው ተጋለጠ፤ በሚሊዮን የን የሚቆጠር ገንዘብ ነበር የተወራው። ፌዴሬሽኑም ለማመን ተገደደ። ሰይፍ ሲመዝ የኖረ ሽማግሌም ፈታኙ የሚያውቀው ሰው ከሆነና በሩ ከተዘጋ በፖስታ ብር ያቀብላል። ልዩነቱ ነገሩ እንደ ጉድ መቆጠሩ ላይ ነው። ዜና ሆነ፣ የመንግሥት አካል ማብራሪያ ጠየቀ፣ ሰዎች አፈሩ። የቀበቶ ዋጋ በግልጽ ተነግሮ፣ ማለፉም ከዋጋው ጋር አብሮ እንደሚመጣ የታወቀ በሆነበት ቦታ ግን የሚጋለጥ ነገር እንኳ የለም።

ለነገሩ የቀለም ቀበቶ ራሱ ሰዎች እንደሚያስቡት ጥንታዊ አይደለም። ዳን የሚለውን ደረጃ ለማርሻል አርት ያዋለው የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ነው፤ ከጎ የሰሌዳ ጨዋታ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1883 ለሁለት ደቀ መዛሙርቱ ሰጠ። ቢጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው፤ የተስፋፉትም በ1930ዎቹ በአውሮፓ፣ በተለይ ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ ፓሪስ ላይ ሲያስተምር፣ ለጀማሪ ማበረታቻ ተብሎ ነው። ስለዚህ ቢጫ ቀበቶ ከመነሻው ከረሜላ ነው፤ ልጅ እንዳይሰለች የሚሰጥ። ከረሜላ መስጠት ነውር የለውም። ከረሜላን እንደ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቴኳንዶም ቢሆን በራሱ ደንብ ልል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በሚከተለው ሥርዓት ቢጫ ቀበቶ የሚፈልግ ልጅ "ቾንጂ" የሚባለውን የመጀመሪያ ፓተርን ማሳየት አለበት። 19 እንቅስቃሴ ነው። ትርጉሙ "ሰማይና ምድር" ነው፤ ቢጫውም መሬትን፣ ተክል ሥር የሚሰድድበትን አፈር፣ ያመለክታል ይባላል። ይህን ትርጉም የአዳማ ሕፃናት እንደ ውኃ ይጠጡታል፤ ለፈተና የሚያጠኑትም እሱን ነው። ግን ሲዞር ተረከዙ ለምን እንደሚነሳ፣ ቡጢው ለምን ከትከሻው በላይ እንደሚሄድ የሚጠየቅ ልጅ ስንት ነው? ቃሉ ተሸመደደ፣ እግሩ እንደ ነበረ ቀረ። ሥር የሚሰድደው ተክል በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ጃፓንን መኮረጅ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሜጂን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነው የተጻፈው፣ ካይዘንም በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ዛሬ በስንት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አምስቱ "ማ"ዎች ተለጥፈው፣ ከሥራቸው አቧራ የለበሰ የፋይል ክምር እንደሚታይ ባለጉዳይ ያውቃል። ፖስተሩ መጣ፣ የየቀኑ መጥረግ አልመጣም።

ደግሞ ለዚህ ትምህርት ጃፓን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። አዳማ የቆመችበት ምድር የገዳ ምድር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት በስምንት ስምንት ዓመት የሚቆጠር ነው፤ አንድ ትውልድ ደረጃ በደረጃ ያልፋል፣ በየደረጃው የሚማረውና የሚሸከመው ኃላፊነት አለ፣ ሥልጣን የሚረከበውም ተራው ሲደርስ ነው። በእርግጥ ገዳ የፈተና ሥርዓት አይደለም፣ የትውልድ ተራ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ስህተት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፦ ዓመቱን ማንም አይገዛውም። በልጅነት ደረጃ ያለ ሰው "ለአባቴ ብር አለው፣ አባ ገዳ አድርጉኝ" አይልም። ይህንን በባህሉ የሚያውቅ ሕዝብ በየሦስት ወሩ ቀለም የሚቀየርለትን ልጅ እያየ ዝም ማለቱ ያስገርማል።

ነገሩ ከአንድ የስፖርት አዳራሽ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትን ለመከላከል ተብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ምን እንደ ሆነ ሁሉም ያስታውሳል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ያን ጊዜ ጩኸቱ ሁሉ በፈታኙ ላይ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ልጆች እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ በየዓመቱ አልፈው፣ ካርዳቸው ላይ "ተዛውሯል" ተብሎ ተጽፎላቸው ነው የመጡት። አሥራ አንድ ጊዜ ቀበቶ ተቀይሮላቸዋል ማለት ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ የማያውቃቸው ፈታኝ መጣ። የወደቁት ያን ቀን አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ሳይችሉ ያለፉ ዕለት ነው፤ የተነገራቸው ግን ዘግይቶ ነው።

በመንጃ ፈቃድና በሲኦሲ ላይ የሚነገረውን ሐሜት ማንም ሰምቶታል። ሐሜት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይሁንና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚጓዝ ሰው ከጎኑ የሚበርረው መኪና ሾፌር ወረቀቱን እንዴት እንዳገኘ ቢጠራጠር ማን ይፈርድበታል? ያ ሾፌር ወረቀት የሚመጣው እንዴት እንደ ሆነ የተማረው በ18 ዓመቱ ላይሆን ይችላል። በሰባት ዓመቱ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ቾንጂን መሐል ላይ ረስቶ ቆሞ ሳለ አጨብጭበው ቢጫ ሲያስሩለት ሊሆን ይችላል። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ መርሳቱን ያውቃል። ቀበቶው ግን መጣ።

የአሠልጣኞች መከራከሪያም ሊሰማ ይገባል፣ ምክንያቱም ከባድ ነው። የአዳራሽ ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። ወርኃዊ ክፍያ ከፍ ቢል ልጁ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ ሌላው ክለብ ሁለት መንገድ አቋርጦ ነው ያለው። ብዙ አሠልጣኝ ደመወዝ የለውም፤ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራ ማታ ያስተምራል። ክለቡን የሚያቆመው የፈተና ክፍያ ነው። ልጅ ከወደቀ ደግሞ ወላጁ ይቆጣል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ሰኞ አይመጣም። ሃያ ልጅ የጣለ አሠልጣኝ በሚቀጥለው ወር ባዶ አዳራሽ ነው የሚያሠለጥነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አሠልጣኙን ሌባ ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ "ስለዚህ ሁሉም ይለፍ" የሚል መሆን የለበትም። ክለቡ የሚኖረው በማስተማር ከሆነ ገንዘቡም ከማስተማር ይምጣ። ወላጅ በዓመት የሚከፍለው ድምር ያው ነው፤ በፈተና ቀን የሚከፈለው ተከፋፍሎ በወሩ ላይ ቢጨመር ማንም አይጎዳም። የፈተናው ክፍያ ደግሞ የፈተናውን ወጪ ብቻ ይሸፍን፣ ያለፈም የወደቀም እኩል ይክፈለው፣ የወደቀው በድጋሚ ሲቀርብ ምንም አይጠየቅ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ "አልደረስክም" ለማለት ኪሱን አያይም።

ከሁሉም በላይ ግን ያስተማረ ሰው ብቻውን ባይፈትን ነው የሚሻለው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የአዳማው አሠልጣኝ የባቱን ልጆች ይፈትን፣ የባቱው የሞጆን፣ የሞጆው የአዳማን። ሦስት ሰው ይቀመጥ፣ ሁለቱ ከተስማሙ ይለፍ። በጃፓንም ቢሆን ከዳን በታች ያሉት የጀማሪ ደረጃዎች በየአካባቢው ነው የሚሰጡት፣ እዚያም ልልነት እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም፤ ከዚያ በላይ ያለው አንደኛ ዳን ግን ልጁን በማያውቁ ፈታኞች ፊት ስለሚቀርብ የክለቡ አስተማሪ ያልደረሰ ልጅ ልኮ መዋረድ አይፈልግም። የውጭ ፈታኝ ልጁን ብቻ ሳይሆን አሠልጣኙንም ነው የሚፈትነው። አንዳንዱ የማይወደውም ለዚህ ይመስላል።

ልጁ ይሰበራል የሚለው ፍርሃት ደግሞ ተጋኗል። ልጅ በኳስ ይሸነፋል፣ በብይ ይበላል፣ በሩጫ ይቀደማል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይጫወታል። የሚሰብረው መውደቁ ሳይሆን ለምን እንደ ወደቀ አለማወቁ ነው። "ተረከዝህ ይነሳል፣ ሰባተኛው እንቅስቃሴ ላይ ትቆማለህ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እነዚህን ሁለት ነገሮች አስተካክለህ ና" የተባለ ልጅ የሚሠራው ነገር ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። "ጎበዝ!" ተብሎ የተጨበጨበለት ልጅ የሚሠራው ነገር የለውም፣ ቀበቶውን ከማሠር በቀር። እናቱም ብትሆን ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ተረከዙን ማየት ትችላለች፤ ለዚህ ቴኳንዶ ማወቅ አያስፈልጋትም፣ ተረከዝ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

እስከዚያው፣ ፌዴሬሽንም ሆነ የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደንብ እስኪያወጣ ሳይጠብቅ፣ ወላጅ በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ከ"ስንት ነው?" በፊት ሌሎች ጥያቄዎችን ማስቀደም ይችላል። ባለፈው ፈተና ስንት ልጅ ቀረበ፣ ስንቱ አለፈ? የፈተነው ማን ነው፣ ከሌላ ክለብ የመጣ ሰው ነበረ ወይ? የወደቀ ልጅ ካለ ምን ተብሎ ተነገረው? አሠልጣኙ እነዚህን ለመመለስ ደብተሩን ካወጣ፣ ብሩን ቆጥሮ መስጠት ነው። ደብተር ከሌለው ደግሞ ብሩ ኪስ ውስጥ ይቆይና ልጁ ለተጨማሪ ሦስት ወር ነጭ ቀበቶውን እንደ ታጠቀ ይለማመድ፤ 19ኙን እንቅስቃሴ ያለ ማንም እርዳታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሠራው ያን ጊዜ ይቀርባል።